የቀኛዝማች መሸሻ የመነሳት ደንብ

አንድ ቀን፣ አገሩ በንጉሥ ይተዳደር በነበረበት ዘመን፣ ወይን አምባ በምትባል ትንሽ የወረዳ ከተማ አንድ መምህር ለተማሪዎቹ የክርክር ርዕስ ሰጠና ታሰረ።

መምህሩ ለምን እንደታሰረ ለማወቅ መጀመሪያ የቀኛዝማች መሸሻን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀኛዝማች መሸሻ የወረዳው ገዥ ነበሩ። ወፍራም ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸውን ደግሞ ሪህ ይዞታል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጡ። አንደኛው ለስላሳ ወንበር ነው፤ ዝቅ ያለ፣ የተቀመጠበትን ሰው እስከ ብብቱ የሚውጥ፣ እንኳን በወይን አምባ በአውራጃው ከተማም ያልታየ። ሁለተኛው ደንብ ነው። አንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ የንጉሡ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ ብድግ ሲል አይተው ልባቸው ተነክቶ ነበር። ስለዚህ በወይን አምባ ንጉሡ በተጠሩ ቁጥር፣ በገበያም ይሁን በመንገድ፣ የሰማ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ እንዲቆም፣ ተናጋሪውም ንግግሩን እስኪቋጭ ማንም እንዳይቀመጥ አዘዙ። ወንበሩና ደንቡ እንደማይስማሙ ያን ጊዜ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከተማው ደንቡን እንደ ዝናብ ለመደው። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛው በድንገት ብድግ ሲልበት የአንዱን ጆሮ ጫፍ ቆረጠ። ጠጅ ቤት ውስጥ ሰው ስለ በግና ስለ ሚስት ብቻ ማውራት ጀመረ። ንጉሤ የሚባል ሸማኔ ነበር፤ ሚስቱ ከደጅ ሆና ለምሳ ስትጠራው መንገደኛው ሁሉ ቀጥ ስለሚል ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ለመኑትና ስሙን ታዬ አስባሉት። ስለ ንግሥቲቱስ ምን እናድርግ ብለው ሽማግሌዎች ሄደው ቢጠይቁ ቀኛዝማች ጥቂት አሰቡና ከወገብ ብድግ ማለት ይበቃል ብለው ፈረዱ። ያልተቸገረው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፤ እዚያ ድሮም ሰው የሚጸልየው ቆሞ ነው።

አሁን ወደ መምህሩ እንመለስ። ስሙ ኅሩይ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ጠመኔ የያዘ ጣቱን የሚያይ ወጣት ነበር። የወይን አምባ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሲዘጋ ተማሪዎች በወላጆች ፊት ይከራከራሉ። ርዕሱ አንድ ዓመት ከብዕርና ከጎራዴ ማን ይበልጣል ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ከማርና ከወተት የቱ ይሻላል ነው፤ ከዚያ ተመልሶ ብዕርና ጎራዴ ይመጣል። ወላጆች ክርክሩን በቃላቸው ስለያዙት ልጅ ሲረሳ ከኋላ ሆነው ያስታውሱታል። መምህር ኅሩይ ይህ ሰለቸውና አዲስ ርዕስ አወጣ። የክፍሉ አለቃ ተነሥቶ በጠራ ድምፅ አነበበው፤ «ሕገ መንግሥት ያለው ንጉሣዊ አገዛዝ በጊዜ ብዛት ሪፐብሊክ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም?»

የክብር እንግዳው ቀኛዝማች መሸሻ እንደ ልማዳቸው ከፊት ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተኝተው ነበር። ቢተዉ ኖሮ ክርክሩ እስኪያልቅ ይተኙ ነበር። ግን «ንጉሣዊ» የሚለው ቃል ሲሰማ ግማሹ ሕዝብ ያስነሳል ብሎ ተነሣ፤ ግማሹ አያስነሳም ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ የተነሣው ሊቀመጥ፣ የተቀመጠው ሊነሣ ሲል አግዳሚ ወንበሮቹ ተንኳኩ። ቀኛዝማች ነቁ። ምን ተባለ ብለው ጸሐፊያቸውን አቶ ገድሉን ጠየቁ። አቶ ገድሉ ርዕሱን በጆሯቸው ነገራቸው። ሪፐብሊክ ደግሞ ምንድን ነው አሉ። አቶ ገድሉ አካባቢውን ገልመጥ አድርጎ፣ ንጉሥ የሌለበት አገር ነው ብሎ አንሾካሾከ፤ ይህን ለማለትም ቆሞ ነበር ያንሾካሾከው።

መምህር ኅሩይ ከመድረኩ በቀጥታ ወደ እስር ቤት ተወሰደ።

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። የመምህር ኅሩይ ሠርግ እሑድ ነበር።

ሙሽራዋ የሺመቤት የበቅሎ ነጋዴው የደባልቄ ልጅ ናት። ደባልቄን የማያውቅ ሰው በዚያ አገር የለም። አንካሳ በቅሎ ይዞ ገበያ ወጥቶ፣ ገዢው እያነከሰች ነው ሲለው፣ የምታነክሰው እንኳን ዳገት ስትወጣ ብቻ ነው፣ ያንተ ቤት ደግሞ ቆላ ነው ብሎ የሸጠ ሰው ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ግን የሠርግ ዳስ ተጥሎ፣ ጠጁ ተጥሎ፣ ሰንጋው ተገዝቶ ሙሽራው ሲታሰርበት እሱም ፊቱ ጠቆረ። ሚስቱ አልጋነሽ እየዞረች የጠጁን ጋን ትነካለች። መኪና ተገኝቷል፣ መምህሩ ቅዳሜ ወደ አውራጃው እስር ቤት ይላካል የሚል ወሬ ሲመጣ ግን የሺመቤት ከጓዳ ወጣች።

«አባባ» አለችው፣ «ነገ ቀኛዝማች ዘንድ ስትሄድ እባክህ እንዳታስቃቸው። አስፈታልኝ ብቻ።»

ደባልቄ አላስቃቸውም ብሎ ማለላት። ቃሉንም ጠበቀ፤ በማግስቱ ቀኛዝማች አንድም ጊዜ አልሳቁም።

ቅዳሜ ጠዋት ችሎቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ከተማው ግማሹ ለሠርጉ የተጠራ ስለሆነ ልብስ ማጠቡን ይቀጥል ወይስ ይተው ለማወቅ መጥቷል። ከደጅ የጭነት መኪናው እህል እየጫነ ነው፤ መምህሩም ከእህሉ ጋር እንዲሄድ ታዟል። መምህር ኅሩይ ከሚጠብቀው ፖሊስ ጋር ጥግ ይዞ ቆሟል። ሁለቱ በእስር ቤት ክርክሩን ቀጥለውት ኖሮ ፖሊሱ አይችልም በሚለው ወገን ሆኖ እየተሸነፈ ስለነበር ተኳርፈዋል። ቀኛዝማች በለስላሳው ወንበራቸው ውስጥ ገብተዋል፤ የሚታየው ራሳቸው፣ ከዘራቸውና ሁለት ጉልበታቸው ነው።

ደባልቄ እጅ ነሥቶ ዋስ ልሆን መጥቻለሁ አለ። ሠርጉ ይለፍና ሰኞ ራሴ አምጥቼ አስረክባለሁ አለ። ልጅቱ ከዳስ ሥር እንዳትቀር ለመነ። ሽማግሌዎችም ደገፉት። ቀኛዝማች ሁሉንም እሺ በሚመስል ፊት ሰሙና ጢማቸውን ጠቅልለው እንዲህ አሉ፤

«አንተ በነገር የማትያዝ ነህ ይሉሃል። እንግዲህ የአማችህን ጥያቄ አንተ መልስልኝ። ይሆናል ወይስ አይሆንም? ይሆናል ካልክ ከእሱ ጎን መኪናው ላይ ትወጣለህ። አይሆንም ካልክ ልጁ የማይሆነውን ይሆናል እያለ ሕፃናት ሲያስት ነበር ማለት ነውና እሱ ይሄዳል። ዝም ካልክም ይሄዳል።»

ሰው ሁሉ ደባልቄን አየ። ከኋላ አንዱ ጎረቤቱን፣ ልብሱን ከማጠቢያው አውጣው ሲል ተሰማ።

ደባልቄ ራሱን አከከ። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ በአንድ ቃል አይመለስም፣ ከሥሩ ጀምሬ እስክጨርስ ካላቋረጡኝ እመልሳለሁ አለ። ቀኛዝማች ደስ አላቸው። ሰው ብዙ በተናገረ ቁጥር ብዙ ይያዛል ብለው ያምኑ ነበር። የፈለግኸውን ያህል ተናገር አሉት።

«እንዳያቋርጡኝ ይማሉልኝ ጌታዬ።»

«ንጉሥ ይሙት አላቋርጥህም» አሉ ቀኛዝማች።

ችሎቱ በሙሉ ተነሣ። ቀኛዝማችም የገዛ ደንባቸው ነውና ከዘራቸውን ተደግፈው፣ አቶ ገድሉ ከኋላ እየገፋቸው ከወንበሩ ወጡ። ከዚያ ተቀመጡ። ሁሉም ተቀመጠ። ደባልቄ የቀኛዝማች ጀርባ ወንበሩን እስኪነካ በትዕግሥት ጠበቀ። የበቅሎ ነጋዴ ዝም ማለት የሚገባውን ቦታ ያውቃል።

«ከሁሉ አስቀድሞ፣ ለንጉሣችን ዕድሜ ይስጥልን» አለ።

ተነሡ። አሜን አሉ። ተቀመጡ።

«ሕገ መንግሥቱን የሰጡን ንጉሣችን ናቸው።»

ተነሡ። ተቀመጡ።

«ማንም አላስገደዳቸውም። ንጉሣችን ወደው ነው።»

ተነሡ። በዚህኛው የቀኛዝማች ጉልበት ቋ ብሎ እስከ በሩ ተሰማ። አቶ ገድሉ ወንበሩን ከኋላ ሲደግፍ እግሩ ተረገጠ።

ደባልቄ ቀጠለ። ሕግ የሌለው ንጉሥ እንዴት እንደሆነ ተናገረ፤ ተነሡ። ሕግ ያለው ንጉሥ እንዴት እንደሆነ ተናገረ፤ ተነሡ። ሁለቱን አነጻጸረ፤ አንዴ ከተነሡ በኋላ ሳይቀመጡ ለሁለተኛው ቆሙ። ከዚያ ንጉሣችን ያሠሩትን መንገድ፣ በመንገዱ ላይ ያለውን ድልድይ፣ በድልድዩ የሚያልፈውን መኪና፣ መኪናው ያመጣውን ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው የተመታበትን የትምህርት ቤት ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር የተቀመጡትን ልጆች እያነሳ አንዱን ካንዱ እያያያዘ ሄደ፤ ንግግሩ ግን አይቋጭም። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን በደረቱ ይዞ ቆሞ የመጨረሻውን ቃል ይጠብቃል። ቀኛዝማች በከዘራቸው ላይ ተንጠልጥለው የደባልቄን አፍ ያያሉ። አሁንስ ሊጨርስ ነው ሲሉ እነዚያ ልጆች ደግሞ የሚጽፉበትን ጥቁር ሰሌዳ አመጣ። በመጨረሻ «ሁሉ የሳቸው ሥራ ነው» ብሎ ቋጨው፤ ቀኛዝማች ወንበሩ ላይ ወደቁ እንጂ ተቀመጡ አይባልም።

ላባቸውን ሳይጠርጉ ደባልቄ አፉን ከፈተ።

«ንጉ...» አለና ሳል ያዘው።

ግማሹ ሰው ተነሣ። ቀኛዝማች ከወንበሩ ግማሽ ወጥተው፣ አንድ ክንዳቸው በአቶ ገድሉ አንገት ላይ እንደሆነ ቀሩ፤ ቆሙ አይባሉ ተቀመጡ አይባሉ። ደባልቄ ረጋ ብሎ ሳለ። ይቅርታ ጠየቀ። እንደገና ሳለ። ከጥግ መምህር ኅሩይ ጫማውን እያየ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ያኮረፈው ፖሊስ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ለሠርግ የመጡ አንዲት አሮጊት፣ ልጄ ወይ ጥራቸው ወይ ተዋቸው አሉ።

እንግዲህ ቀኛዝማች መሸሻ የመሐላቸውን ነገር ረሱ።

«በቃ» አሉ። «ከአሁን ጀምሮ የሳቸውን ስም ሳትጠራ ተናገር።»

 ደባልቄ የሰማውን ያላመነ ሰው መሰለ። አንገቱን ሰበር አድርጎ እንደገና ጠየቀ።

«ሳልጠራ ነው ያሉኝ ጌታዬ?»

«ሳትጠራ።»

«እኔ ብቻ ነኝ የማልጠራው ወይስ ሌላውም ሰው ነው?»

«ማንም አይጥራ» አሉ ቀኛዝማች ጉልበታቸውን እያሹ። «እኔም አልጠራም። ምን ማለት ነው፣ ያለ እሳቸው መነጋገር፣ መፍረድ፣ አገር ማስተዳደር አንችልም እንዴ?»

ደባልቄ መሬት እስኪነካ እጅ ነሣ።

«እንችላለን ጌታዬ። መልሱ ይኸው ነው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ አልመልስም ነበር። ልጁ በጊዜ ብዛት ሪፐብሊክ ይሆናል ወይ ብሎ ነበር የጠየቀው፤ እርስዎ ከምሳ በፊት አደረሱት።»

 ከዚያ አቶ ገድሉ፣ ሪፐብሊክ ምን እንደሆነ በጆሯቸው የነገራቸው እሱ ነበርና፣ ነገሩ ቀድሞ ገባውና የቀኛዝማችን ክንድ ከአንገቱ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ። ቀኛዝማችም ዙሪያቸውን አዩ። አሮጊቷን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ፖሊሱን አዩ። ይህን ሁሉ ጆሮ አሁን ከየት ሰብስቤ ልዝጋው የሚሉ ይመስሉ ነበር። ከደጅ የመኪናው ሞተር ተነሣ፤ ሾፌሩ ጭነቱ ሞልቷል፣ ሰውየው ይውጣ እያለ ጮኸ።

ደባልቄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ወንበሩ ጠጋ አለ።

«ጌታዬ፣ እዚህ ያለነው ሁላችንም ነገ ሠርግ አለብን፤ ከሠርግ ቤት ወጥቶ አውራጃ ድረስ ወሬ ይዞ የሚሄድ ሰው አይኖርም። ሙሽራው ከሄደ ግን ሠርጉ ይቀራል። ሠርጉ ከቀረ ደግሞ ይኼ ሁሉ ሕዝብ ሥራ ፈት ነው፤ መኪናውም ከእህሉ በላይ ሰው ይጭናል።»

ቀኛዝማች መሸሻ ከዘራቸውን አንዴ መሬት ላይ መቱ። ከዚያ ዋሱን ተቀበለው አሉት አቶ ገድሉን፤ መኪናውም በእህሉ ብቻ ይሂድ አሉ። መምህሩን ደግሞ፣ ለከርሞ ስለ ማርና ስለ ወተት እንዲያከራክር፣ እሱንም ቀስ ብሎ እንዲያደርገው መከሩት።

ሠርጉ እሑድ በሰዓቱ ሆነ። ቀኛዝማች መሸሻም ቀሩ እንዳይባል መጡ፤ ደባልቄ ለክብራቸው ለስላሳውን ወንበር በአራት ሰው አሸክሞ ዳሱ ውስጥ አስቀምጦላቸው ነበር። ጠጁ ተቀድቶ፣ የሺመቤትና ኅሩይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ሽማግሌ ሊመርቁ ቆሙና እንደ ወጉ ለንጉሣችን ዕድሜ ይስጥልን ብለው ጀመሩ። ዳሱ በሙሉ ብድግ አለ። ቀኛዝማች ከዘራቸውን ፈለጉ፣ አቶ ገድሉን ፈለጉ፣ ሁለቱንም ሲያጡ በክንዳቸው ተደግፈው ሊነሡ ሲታገሉ ደባልቄ እጁን ትከሻቸው ላይ አኖረ።

«አይነሡ ጌታዬ» አላቸው፣ ብርሌውን እየሰጣቸው። «እኛ ገና ነን፤ እርስዎ ቀድመውን ደርሰዋል።»